ቀይ ክር የታሰረባት ዲስክ

የጡረታ ደብዳቤዬ ሊደርሰኝ ሳምንት ሲቀረው አለቃዬ ቢሮው ጠራኝ። ዕድሜው የመጨረሻ ልጄን ያህላል፤ ጨዋ ነው።

«እትዬ ከድጃ፣ ሐራ መጋዘን ውስጥ የሚወገድ ዕቃ አለ። ምኑ ምን እንደሆነ ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ ስለሌለ አንድ ጊዜ ሄደው ይዩልን» አለኝ።

«አሮጌ ዕቃ የሚለይ አሮጌ ሰው መላክህ ነው?» አልሁት። አፈረና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብዕር ይፈልግ ጀመር። እኔ ደግሞ በቀን አንድ ሰው ካላሳፈርሁ አይመሽልኝም፤ ዐመሌ ነው።

ሥራዬ መጀመሪያ ታይፕ መጻፍ፣ ኋላ ኮምፒውተር መጠገን ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን «ይወገድ» ብዬ የፈረምሁበት ዕቃ ቢቆለል የመርሳን ገበያ ይሞላል። ሐራም የሄድሁት ለፊርማ ብቻ ነበር። የተቀደደ ጎማ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የዛገ ሚዛን እያየሁ መዘገብሁ። መጨረሻ ላይ ከማዳበሪያ ጆንያ ሥር አንድ ኮምፒውተር ወጣ። ድሮ ነጭ ነበር፤ አሁን እርድ የተቀባ መስሏል። አቧራ የጠጣ ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴሉን የሠራሁት እኔ ነኝ።

«ምነው እትዬ፣ እባብ አዩ እንዴ?» አለ የመጋዘኑ ጥበቃ። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጋዘኑ ሲዘረፍ አዳዲሶቹ ሁሉ ተጭነው እንደሄዱ፣ ይቺን ግን ማንም ዞር ብሎ እንዳላያት ነገረኝ። «ሌባ እንኳ ናቃት» ብሎ ሳቀ። እኔ ጆንያው ላይ ቁጭ አልሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠፋች ብዬ የተቃጠልሁላት የግራናዋ ኮምፒውተር ነበረች።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከወልድያ ልጀምር። የግራና ገበሬ ልጅ ነኝ። ታይፕ ተምሬ ወልድያ ስቀጠር አባቴ «ቁጭ ብለሽ ነው የሚከፍሉሽ?» እያለ ደጋግሞ ጠይቆኛል። ክፍያውም ቁጭ እንዳለ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሲመጣ አለቃችን ለብቻው ክፍል ሰጡት። መጋረጃ ተሰቀለለት፣ ምንጣፍ ተነጠፈለት፣ ጫማ ሳያወልቁ መግባት ተከለከለ። አንድ ቀን ለጉዳይ የመጡ ሽማግሌ በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ አይተው መስጊድ መስሏቸው፣ ውዱእ የሚያደርጉበት ውኃ ጠየቁን።

ያን የተከበረ ዕቃ እንዲጠግኑ የተቀጠሩት ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ቀድሞ እዚያው ወልድያ ሬዲዮና የታይፕ መኪና ይጠግኑ ነበር። ክርስቲያን ናቸው፤ በረመዳን ግን እኔ ፊት ውኃ ሲጠጡ አይቻቸው አላውቅም። የእኔን ታይፕ ሲፈቱ አጠገባቸው ቆሜ ጥያቄ ሳበዛባቸው «አፍሽን ከምታደክሚ እጅሽን አምጪ» ብለው መፍቻ አስያዙኝ። በዚያው ቀረሁ።

ጋሽ ታደሰ አንዲት ብሎን ከመፍታታቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው ያደርቁና የመስኮቱን ብረት ይነካሉ። ሰው ገላ ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ አለ፤ ለእኛ ምንም አይደለም፣ ለዕቃው ግን ሞት ነው። ከዚያ ወረቀት ላይ የሳጥኑን ሥዕል ይሥሉና የፈቱትን እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ወረቀቱን በስተው ይተክሉታል። ዲስክ ታመመ ሲባል የመፍቻውን የእንጨት እጀታ ጆሯቸው ላይ፣ ጫፉን ዲስኩ ላይ አድርገው ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «ዲስክ ከመሞቱ በፊት ያቃስታል፤ የሚሰማው ሲያጣ ነው የሚሞተው» ይሉ ነበር። እኔ በኩራት የሠራሁትን ዳንቴል ደግሞ አንድም ቀን ወደውት አያውቁም። «ሙሽራ አደረግሻት እኮ! ትተንፍስበት» እያሉ ከማራገቢያዋ ላይ ይገልጡታል።

ከሁሉም የማይረሳኝ ክሩ ነው። ዲስክ ሲያረጅ በውስጡ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ወደ አዲስ ዲስክ ይገለበጣል። ሁለቱም በአንድ ገመድ ላይ ይሰካሉ። ኮምፒውተሩ ግን የቱ ሙሉ የቱ ባዶ እንደሆነ ግድ የለውም፤ ባዶውን በሙሉው ላይ ገልብጥ ቢሉትም እሺ ይላል። ስለዚህ ጋሽ ታደሰ አሮጌዋ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። «ይቺ እናት ናት» ይላሉ ጮክ ብለው። አዲሱን ነክተው ደግሞ «ይሄ ጥጃ ነው» ይላሉ። አጠገባቸው ያለው ሰው «እናት፣ ጥጃ» ብሎ ካልደገመላቸው ቁልፉን አይጫኑም። «ጥጃ እናቱን ይጠባል እንጂ እናት ጥጃዋን አትጠባም» ይላሉ። ሥራው ሲያልቅ ክሩን አይፈቱትም፤ እናት እናትነቷ አይቀርም ባይ ናቸው።

ከወልድያ ወደ መርሳ የተዛወርሁት አንድ የመስኖ ፕሮጀክት ሀብሩ ውስጥ ሲጀመር ነው። ቢሮው መርሳ፣ ሥራው ግራና፣ ማለትም አገሬ ነበር። በእኛ አገር የቦይ ውኃ በተራ ነው የሚጠጣው። ተራውን የሚያውቀው የውኃ አባት የሚባለው ሽማግሌ ነው፤ በዚያን ጊዜ አባ ይማም ነበሩ። የእገሌ ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ የእገሊት ሐሙስ ከማለዳ እስከ ቀትር እያሉ ከቦዩ ራስ እስከ ጭራው ያለውን ሁሉ በቃላቸው ያውቃሉ። እሳቸው ሲሞቱስ ተባለና ፕሮጀክቱ በጽሑፍ ሊያኖረው ወሰነ። ሾላው ሥር ሦስት ቀን ተቀመጥን። አባ ይማም እየጠሩ፣ ገበሬው «ልክ ነው» እያለ፣ እኔ ከሥር ከሥር ጻፍሁ። ከዚያም ግራና ሥራው ቦታ በነበረችው ኮምፒውተር ላይ ከተብሁት፤ ለእሷም ዳንቴል ሠርቼላት ነበር። ጋሽ ታደሰ ከወልድያ መጥተው መዝገቡን ወደ መርሳው ዲስክ ገለበጡልን። እናት፣ ጥጃ ብዬ የደገምሁላቸው እኔ ነበርሁ።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የግራናው ዕቃ መኪና ላይ ተጭኖ ሄደ፤ የት እንደተራገፈ ያወቀ የለም። አባ ይማም ቤት የተቀመጠውን የታተመ ቅጂ ምስጥ በላው። መዝገቡ መርሳ፣ የእኔ እጅ ላይ ብቻ ቀረ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። የመርሳው ዲስክ ማቃሰት ጀመረ። ጋሽ ታደሰ ጡረታ ወጥተው ወልድያ ናቸው። ከላይ የመጡ እንግዶች አለቃዬ ቢሮ ተቀምጠው ሪፖርት ይጠብቃሉ፤ መብራትም ሄድ መጣ ይላል። አዲስ ዲስክ አምጥቼ ሁለቱን ሰካሁ። ቀዩ ክር መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ግን እነዚያ ከረባት ያሰሩ ሰዎች መጠበቅ ሰልችቷቸው መጥተው፣ ከኋላዬ ቆመው እያዩኝ «እናት፣ ጥጃ» ብዬ ልጮህ? የገጠር ሴት ዲስክ እንደ ላም ስታልብ አየን ብለው እንዲስቁብኝ? አፈርሁ። ሰውን የማሳፍረው እኔ አፈርሁና ክሩን ሳላወጣ ቁልፉን ተጫንሁ። ኮምፒውተሩ ሥራው በትክክል ተጠናቀቀ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያዘዝሁትን ፈጽሟል። ባዶውን በሙሉው ላይ ገልብጦታል።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወልድያ ሄድሁ። ጋሽ ታደሰ ሁሉንም ሰሙኝ።

«ክሩስ?» አሉ በመጨረሻ።

«መሳቢያዬ ውስጥ» አልሁ።

«ከድጅዬ፣ ክሩ እኮ ለዲስኩ አይደለም፤ ለአንቺ ነበር» አሉኝና ትከሻዬን ያዝ አደረጉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥለውም «የግራናዋ እናት የሆነ ቦታ አለች። እሷን ፈልጊ» አሉ። አብረውኝ ደሴ ድረስ ሄደው ፈልገዋል፤ አላገኘናትም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዐረፉ። እኔም ለግራና ሰው ሳልናገር ዝም አልሁ።

ዝምታዬ የጎዳው እትዬ ሐዋን ነው። የሐሙስ ማለዳው ተራ የእሳቸው ነበር፤ ከአባታቸው ከመሬቱ ጋር የመጣ። ቦይ ላይ ወርዶ የሚያጠጣው ግን ባላቸው ነበርና ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። አባ ይማም ሞቱ፤ ባላቸውም ሞተ። የባላቸው ወንድም ኑሩ «ውኃው የወንድሜ ነበር፣ ቦዩንም የምጠርገው እኔ ነኝ» ብሎ ተራውን ወሰደው። ለሐዋ የተረፋቸው ሌላው አጠጥቶ ሲጨርስ የሚወርደው ጭላጭ ነው። ሽማግሌ ቢያስቀምጡ፣ የሁሉንም ተራ በቃሉ የያዘ ሰው ስላልነበረ «ጽሑፉ የታለ?» ተባሉ። ጽሑፉን ፍለጋ መርሳ እኔ ዘንድ መጡ።

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» አልኋቸው።

«ይበጅ ይሆን?»

«ኢንሻ አላህ።»

በአላህ ስም ተሸሸግሁ። ከዚያ ወዲያ መርሳ ገበያ በተገናኘን ቁጥር ሰላምታ ሳያልቅ «ያቺ ነገር አልተበጀችም?» ይሉኛል። ብርቱካናቸው አንድ በአንድ ደረቀ። እኔ ደግሞ ያንን ማሳ ላለማየት ግራና ስሄድ መንገድ እቀይር ነበር።

እንግዲህ ሐራ መጋዘን ጆንያ ላይ ቁጭ ያልሁት ለዚህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ስሸኝ ጋቢ ሊያለብሰኝ አስቦ ነበር፤ «ጋቢውን ተዉትና ያቺን አሮጌ ስጡኝ» አልኋቸው። ሦስት ደብዳቤና አምስት ፊርማ ፈጀ። ቤቴ አምጥቼ እጄን ታጠብሁ፣ የመስኮቱን ብረት ነካሁ፣ ወረቀት ላይ ሥዕል ሥዬ ብሎኖቹን ተከልሁ። ክዳኑን ሳነሳው ዲስኳ ላይ ክሩ አለ። ቀይነቱ ለቆ ሮዝ ሆኗል፤ ቋጠሮው ግን የጋሽ ታደሰ ቋጠሮ ነው። ብቻዬን ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ።

መብራት ስሰጣት ግን ዲስኳ አልዞረችም። የመፍቻውን እጀታ ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥሁ፤ ለመዞር ትሞክርና ትቆማለች። ስትቀመጥ ተጣብቃለች ማለት ነው። አውጥቼ በመዳፌ ያዝሁና ቢስሚላህ ብዬ የእጄን አንጓ ቶሎ ጠመዘዝሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ለቀቀች። መልሼ ስሰካት እያቃሰተች ዞረች። ወዲያው አጠፋኋት። ስንት ጊዜ እንደምትነሣልኝ ማን ያውቃል? የምትነሣው ለመገልበጥ ብቻ መሆን አለበት።

ግን ወደ ምን? የዛሬ ልጆች ምንም ቢበላሽ «ፎርማት ይደረግ» ከማለት በቀር መድኃኒት አያውቁም፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ዲስክ ደግሞ ዛሬ ደህናው አይገኝም። ጽሑፉን አዲስ ላፕቶፕ ላይ ባወጣውም ያኔ የምንጽፍበት የአማርኛ ፕሮግራም እዚያች ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሌላው ላይ ፊደሉ ጉንዳን የሄደበት ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ አሮጊቷ ራሷ መነሣት አለባት። መፍትሔው ሚሞሪ ካርድ ነበር። ፎቶ አንሺዎች ድሮ ትልልቅ ካሜራቸው ውስጥ የሚከቱት ክብሪት ሳጥን የሚያህል ሚሞሪ አለ። ትንሽ ማገናኛ ከተደረገለት ዲስኩ በሚሰካበት ገመድ ላይ ይሰካል፤ ኮምፒውተሯም ዲስክ ነው ብላ ትቀበለዋለች። የሚዞር፣ የሚያቃስት፣ የሚጣበቅ ነገር የለውም።

ማገናኛው በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ መጣልኝ። ለካርዱ ወልድያ አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ዘንድ ሄድሁ። ከመሳቢያው አራት አወጣና «ትልቋን ይውሰዱ፣ ብዙ ትይዛለች» አለኝ።

«ትንሿን ስጠኝ።»

«ሰው ሁሉ ትልቅ ነው የሚፈልገው እኮ!»

«የእኔዋ አሮጊት ናት፤ ትልቅ ጉርሻ ያንቃታል» አልሁት። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ዲስክ ስታይ ግራ ይገባታል። ልጁ እየሳቀ የስንቱ ሠርግ ያለፈባትን ትንሿን ካርድ ሰጠኝ።

አሁን የጎደለኝ «ጥጃ» ብሎ የሚደግምልኝ ሰው ነበር። ልጆቼ ነበሩ፣ ጎረቤት ነበረ። እኔ ግን ግራና ደውዬ እትዬ ሐዋን አስጠራሁ። በማግስቱ ከቀትር በፊት መጡ፤ ከስተዋል፣ ጉልበታቸው ዝሏል። ውኃ ሰጥቻቸው፣ የተገኘችውን አሮጌ አሳይቻቸው ከፊታቸው ተቀመጥሁ።

«እትዬ ሐዋ፣ መዝገቡ የጠፋው ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰው ፊት አፍሬ ማድረግ ያለብኝን ሳላደርግ ቀርቼ ነው። ለአንቱም ዋሽቻለሁ።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ዛሬ የምትነግሪኝ ለምንድን ነው? ይቺም ብትጠፋ እንዳላማሽ?»

«አይደለም። ሳይሳካ በፊት ልንገርዎት ብዬ ነው። ከተሳካ በኋላ ብናገረው ጉራ ይሆንብኛል። አውፍ ይበሉኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ስንት ብርቱካን እንደደረቀብኝ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። መንገድ እየቀየርሽ ስታልፊ አይሻለሁ፤ ማሳዬን አላየሽውም።» በአገጫቸው ወደ ኮምፒውተሯ ጠቆሙኝ። «ዛሬ አውፍ አልልሽም። ሥራሽን ሥሪ።»

ሁለቱን በአንድ ገመድ ሰካሁ። ከክሩ ላይ እጄን አድርጌ ጮክ ብዬ «ይቺ እናት ናት» አልሁ። ካርዱን ነካሁና «ይሄ ጥጃ ነው» አልሁ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞርሁ። «ይድገሙልኝ እትዬ ሐዋ። የቷ ናት እናት?»

«ክር ያላት።»

«ይሄስ?»

«ጥጃ። አንቺ፣ ላም የማላውቅ መሰለሽ?» አሉኝ ተቆጥተው።

የኮምፒውተሯ ማያ ላይ የወጣውን ሦስት ጊዜ አንብቤ ቁልፉን ተጫንሁ። ዲስኳ ማቃሰት ጀመረች። ቆም ባለች ቁጥር እትዬ ሐዋ ከንፈራቸው ውስጥ ዱዓ ያደርጋሉ። ሁለት ሦስት ቦታ ማንበብ አቅቷት ዘለለችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ አንዴ ጮኸችና ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ተነሥታ አታውቅም። ክሯን ሳልፈታ ነቀልኋትና ካርዱን ብቻውን ትቼ ኮምፒውተሩን አስነሣሁ።

ድምፅ የለም። የመፍቻውን እጀታ ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥሁ፤ ምንም። ዕድሜዬን ሙሉ ዲስክ ሲዞር እየሰማሁ ነው የኖርሁት፤ ዝም ያለ ዲስክ ለእኔ የሞተ ዲስክ ነው። ካርድ እንደማይዞር ከማንም በላይ እያወቅሁ «አለቀ፣ ሞተች» አልሁ።

«እየጻፈች አይደለም እንዴ?» አሉ እትዬ ሐዋ።

ቀና ስል ፊደሉ ማያው ላይ እየወረደ ነው። መዝገቡን ከፈትሁት። ከቦዩ ራስ ጀምሮ፣ አባ ይማም እንደጠሩት፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ሁለት ሦስቱ ስም ተበላሽቷል። ቀጥሎ «ሐሙስ፣ ከማለዳ እስከ ቀትር፣ ሐዋ እንድሪስ፣ ከአባቷ የመጣ» ይላል። አነበብሁላቸው። እትዬ ሐዋ ማንበብ አይችሉም።

«የቱ ጋ ነኝ?» አሉ።

ጣታቸውን ይዤ የማያው መስተዋት ላይ፣ ስማቸው ላይ አኖርሁት። ረጅም ጊዜ አላነሡትም።

ግራና ሽማግሌ በተቀመጠ ዕለት ያሳተምሁትን ወረቀት አነበብሁ፤ መዝገቡ እንዴት እንደጠፋና ማን እንዳጠፋው ደግሞ አስቀድሜ ተናገርሁ። አንዱ «ይህ ዛሬ የተጻፈ ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቀ። ያኔ ሾላው ሥር የነበሩ አንድ አዛውንት «ቅደም ተከተሉ የይማም ነው። እሱ ሲጠራ ከዚያ ከገደሉ ጥግ ነበር የሚጀምረው፤ ሌላ ሰው እንዲህ አይጠራም» አሉ። ኑሩ መሬት መሬት እያየ «እኔ ያየሁት ወንድሜ ሲያጠጣ ነው፤ ተራው በማን ስም እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጽሑፉ እሷ ናት ካለ እሷ ናት» አለና ተነሥቶ የሐዋን ጉልበት ሳመ። ዱዓ ተደረገና ተበተነ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ማለዳ እትዬ ሐዋ «ነይ» ብለው አስጠሩኝ። ስደርስ ውኃው ቦዩን ሞልቶ ይወርዳል። የማሳቸው መግቢያ በጭቃና በድንጋይ እንደተደፈነ ነው። ከጎኑ አዲስ የተተከሉ የብርቱካን ችግኞች አሉ። አካፋውን በሁለት እጃቸው አንሥተው አቀበሉኝ።

«አንቺ የዘጋሽው ነው» አሉ። «አንቺው ክፈቺው።»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጭቃው ጠጥሯል፤ ቁጭ ብዬ የተከፈለኝ ወገቤም እየተቃወመ ነው። ድንጋዩን ሳነሣው ውኃው እግሬን ገፍቶ ማሳው ውስጥ ገባ። እትዬ ሐዋ መቆፈሪያቸውን ይዘው ከውኃው ፊት ፊት ሲሄዱ ወደ እኔ ዞር አላሉም። የመጀመሪያዋን ችግኝ እስኪነካ ድረስ ጠበቁ።

«አውፍ ብዬሻለሁ» አሉኝ ከዚያው ሆነው። «አትቁሚ አሁን፤ የታችኛውንም መግቢያ ክፈቺ።»